አረንጓዴው ላይ የወጣው ሰረዝ

ነሐሴ ለማተሚያ ቤት የካላንደር ወር ነው። ያን ሰሞን 3,000 ካላንደር ተቀብለን፣ ጀርባው ድፍን አረንጓዴ ስለነበር ባለ አንድ ቀለሟ አሮጌ ኦፍሴት (ቀለምና ውሃ አብሮ የሚጠቀም ማተሚያ ማሽን) ላይ ጫንኩት። መቶ ወረቀት ሳይወጣ ፈዘዝ ያለ ቀጭን ሰረዝ ወረቀቱን ከግራ ወደ ቀኝ አቋርጦ ታየኝ። ጽሑፍ ቢሆን ማንም ልብ አይለውም፤ ድፍን ቀለም ግን ጉድ ያወጣል።

ቀለም ጨመርኩ፣ ውሃ ቀነስኩ፣ ብላንኬቱን፣ ማለትም ቀለሙን ወረቀቱ ላይ የሚያሳርፈውን የጎማ ልባስ፣ አጥቤ አጠበቅሁ። ሁሉም አልሆን ሲል ወረቀቱን ረገምኩ። ግማሽ ቀንና 400 ያህል ወረቀት እንዲሁ ሄደ።

የሁላችን አስተማሪ የሆኑት ጋሼ መጡና ማሽኑን ትተው ወረቀቱን አነሱ። አሥሩን ጎን ለጎን ደርድረው፣ «ሁሌ እዚሁ ነው?» አሉኝ። እዚሁ ነበር፤ ማሽኑ ወረቀቱን ከሚነክስበት ጠርዝ 8 ሳንቲ ሜትር ገደማ። «እንግዲያው ውሃውን ተወው» አሉ። በየጥቂት ሚሊ ሜትሩ እኩል እየተራራቀ ቢደጋገም የማሽኑን ማርሽ ጥርስ፣ ወረቀቱ በሚሄድበት አቅጣጫ ቢወርድ ደግሞ ቀለም ማስቀመጫው ውስጥ የገባ ቆሻሻን ወይም የተጫረ ፕሌትን (የሚታተመው ምስል ያለበትን ስስ ብረት) እንጠረጥር ነበር።

ብላንኬቱን ሳናስነካ ፕሌቱን ብቻ ቀለም አስቀባን። ሰረዙ ፕሌቱ ላይም አለ! ከዚያ ወዲያ ብላንኬቱ ነፃ ወጣ። ማሽኑን አቁመን ቀለም የሚቀቡትን አራት ሮለሮች (ጎማ የለበሱ ተሽከርካሪ ዘንጎች) ፕሌቱ ላይ አሳርፈን አነሳናቸው፤ እያንዳንዱ የቀለም መስመር ጥሎ ሄደ። የሦስቱ ስፋት 4 ሚሊ ሜትር ገደማ ሲሆን፣ ጎማው ታድሶ ከመጣ ሁለት ሳምንት ያልሞላው 7 ደረሰ። መስመሩ ሰፋ ማለት ሮለሩ አጥብቆ ተጭኗል ማለት ነው።

ፕሌቱ የሚታሰርበት ሲሊንደር ላይ ክፍተት አለ። ከልክ በላይ የተጫነ ሮለር ክፍተቱ ላይ ሲደርስ ጠለቅ ይልና የፕሌቱን ጠርዝ ይመታል። ንዝረቱም ፕሌቱን ወደነካው ጎረቤት ሮለር ይተላለፋል። ሰረዙ የወጣው ጎረቤቱ በዚያች ቅጽበት ባለበት ቦታ ነው፤ ጠርዙ ላይ ስፈልገው ያጣሁትም ለዚህ ነው።

ጥፋቱ የኔ ነበር። ሮለሩን ስገጥም ከቀድሞው ጋር እኩል ነው ብዬ ጫናውን የሚያስተካክለውን ብሎን እንደነበረ ትቼዋለሁ። መጀመሪያ ቀለም ከሚያቀብለው ከብረቱ ሮለር ጋር፣ ቀጥሎ ከፕሌቱ ጋር ማስተካከል ነበረብኝ። ቅደም ተከተሉ ከተገለበጠ ሁለተኛው የመጀመሪያውን ያበላሸዋል። በዚሁ ተራ ሠርተን የመስመሩን ስፋት ወደ 4 ሚሊ ሜትር መለስነው፤ ግራና ቀኙን ለማመሳሰል ብቻ አንድ ሰዓት ፈጀ።

ሰረዙ ጠፋ፤ ፀሐይ ላይ አዘንብሎ ለሚያየው ብቻ ጥላ ቀረ። ከብላንኬቱ ስር አንዲት ስስ ወረቀት ስናወጣ እሱም ለቀቀ። አሁን ታድሶ የሚመጣ ሮለር ሁሉ ሳይገጠም ሁለቱም ጫፍና መሀሉ በካሊፐር ይለካል። ጎማ የሚያድሱልን ሰዎች በዚህ ትንሽ ተቀይመውኛል።