ግራፊክስ ካርዱን ቀየርሁ፣ ሙቀቱ ግን አንድ ወር አሠቃየኝ

ትናንት ማታ የሁለት ሰዓት የሠርግ ቪዲዮ ኤክስፖርት ሳደርግ ላፕቶፔ ከ78 ዲግሪ አላለፈም። ከወር በፊት በዚሁ ሥራ 96 ይደርስና መሀል ላይ ድርግም ይልብኝ ነበር። ደስታዬን ለብቻዬ መያዝ አልቻልሁም።

የምሠራው ደብረ ማርቆስ ነው። ማሽኔ ኤችፒ ኤሊትቡክ 8570ደብሊው ነው። «የላፕቶፕ ግራፊክስ አይቀየርም» ሲባል ሰምታችኋል። በአብዛኛው እውነት ነው፤ ምስሉን የሚያቀነባብረው ቺፕ ማዘርቦርዱ (ዋናው ሰሌዳ) ላይ ተበይዶ ነው የሚመጣው። የእኔ ግን ኤምኤክስኤም በሚባል መሰኪያ ለብቻው ይነቀላል። ኳድሮ ኬ1000ኤም ከሚባለው ካርድ ወደ ኬ2000ኤም አሳደግሁት። የኩዳ ኮሩ፣ ማለትም ካርዱ ውስጥ ሥራውን ተካፍለው የሚያሰሉት ትንንሽ ክፍሎች ብዛት፣ ከ192 ወደ 384 አድጎ እጥፍ ሆነ። ካርዱን ጓደኛዬ ከአዲስ አበባ ይዞልኝ መጣ፤ መግጠሙ ግማሽ ቀን አልፈጀም። ድራይቨሩም (ካርዱን የሚያሠራው ሶፍትዌር) አላስቸገረም፤ ፋብሪካው ራሱ ለዚህ ሞዴል ያቀርበው የነበረ ካርድ ነዋ። ከዚህ መስመር አትውጡ ባይ ነኝ። ረከሰ ብላችሁ ያልተፈተነ ካርድ ከገዛችሁ ጥቁር ስክሪን ታቅፋችሁ ልትቀሩ ትችላላችሁ።

መከራዬ ሙቀቱ ነበር። መጀመሪያ የጠረጠርሁት ዋቱን ነው፤ አሮጌው 45፣ አዲሱ 55 ይበላል። ቀጥሎ ከፍታውን ጠረጠርሁ። ከተማችን ከ2,400 ሜትር በላይ ናት፤ አየሩ ቢበርድም ስስ ስለሆነ ፋን የማቀዝቀዝ አቅሙ ይቀንሳል። ሁለቱም እውነት ናቸው፣ 96 ዲግሪ ግን አያደርሱም። ቴርማል ፔስቱን፣ ማለትም ሙቀት እንዲያስተላልፍ በቺፑና በማቀዝቀዣው ብረት መሀል የሚቀባውን ቅባት፣ ሦስት ጊዜ ቀየርሁ፤ በየጊዜውም መጠኑን ጨመርሁ። ምንም ለውጥ የለም።

በመጨረሻ ቴሌቪዥን የሚጠግኑ አንድ ጋሼ ዘንድ ይዤው ሄድሁ።

«እስኪ እንደታሰረ ፍታውና ቺፑን አሳየኝ» አሉኝ።

ካቻቢቴዬን አውጥቼ ፈታሁት። ፔስቱ መሀሉ ሳይጨፈለቅ ጉብ ብሎ ተቀምጧል።

«አየህ? ብረቱ አልነካውም እኮ» አሉ።

ጥፋቱ የፓዱ ነበር። የካርዱ ሜሞሪዎች ላይ የለጠፍሁት ቴርማል ፓድ (ሙቀት አስተላላፊ ለስላሳ ንጣፍ) ውፍረቱ 1.5 ሚሊሜትር ነው፤ ገበያ ላይ ያገኘሁት እሱን ብቻ ስለነበር። ያስቀመጥሁትን አሮጌውን ፓድ በካሊፐር (የውፍረት መለኪያ) ስንለካው 1 ሚሊሜትር ወጣ። ወፍራሙ ፓድ ማቀዝቀዣውን ከቺፑ ላይ አንስቶት ኖሯል። እኔ ደግሞ ክፍተቱን በፔስት ልሞላ ስታገል ከረምሁ።

ቀጭኑ ፓድ ከባሕር ዳር እስኪመጣልኝ ሁለት ሳምንት ጠበቅሁ። እስከዚያ ቀብድ የበላሁበት ሥራ ስለነበረ በ96 ዲግሪ ሠራሁበት። አሁንም ይቆጨኛል፤ ካርዱን ልገድለው ነበር። እናንተ ቀብዱን መልሱ።

ፓዱ ሲመጣ ብሎኖቹን በመስቀል ቅርጽ ከአንዱ ጥግ ወደ ተቃራኒው፣ ትንሽ ትንሽ እያልሁ አጠበቅሁ። ለማረጋገጥ መልሼ ፈታሁት። ፔስቱ በጎመን ዘር እንደታሰሰ ምጣድ ከዳር እስከ ዳር ስስ ሆኖ ተዳርሷል። ያኔ ነው ልቤ ያረፈው። ስለዚህ የፔስት ማርካ ላይ አትከራከሩ። አንዴ አስራችሁ ፍቱና ፔስቱ የተወውን አሻራ እዩ። ከዚያ ጠራርጋችሁ በአዲስ ፔስት እሰሩት።

አሮጌው ኬ1000ኤም ደህና ይሠራል፤ 8570ደብሊው ኖሮት ካርዱ የተቃጠለበት ሰው ካለ ይንገረኝ። ከ1 ሚሊሜትሩ ፓድም ለአንድ ካርድ የሚበቃ ተርፎኛል።