ዝም ያለችው ሴት

ድራማችንን የምንቀርፅበት ክፍል ግድግዳው በሙሉ በባና ተሸፍኗል። ሁለቱ አያቴ ከመንዝ ያመጣቻቸው ናቸው፤ የቀሩትን ከጎረቤት ተውሰናል። ባዶው ግድግዳ ድምፅን መልሶ ስለሚወረውር የተዋንያኑ ቃል ከጉድጓድ የወጣ ይመስል ነበር፤ ወፍራሙ የበግ ፀጉር ግን ማስተጋባቱን ዋጠልን፤ የደብረ ብርሃንንም ነፋስ ከውጭ አስቀረልን። በዚህች ክፍል ውስጥ ከሁለት ጓደኞቼ ጋር ሆኜ፣ ከ2053 ዓ.ም. ተነሥታ ወደ 1978 ዓ.ም. ስለምትመለስ አንዲት የሃያ ዓመት ወጣት የሚተርክ፣ ስድስት ክፍል ያለው ሳይንሳዊ ልብ ወለድ የድምፅ ድራማ ስሠራ ቆይቻለሁ። ባለፈው ሳምንት የመጨረሻውን ክፍል ቀረፅን።

የታሪኩ መነሻ የከተማችን ስም ነው። ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ በሰማይ ላይ ብርሃን ታይቶ ቦታውን ደብረ ብርሃን እንዳሉት፣ ቤተ ክርስቲያንና ቤተ መንግሥትም እንዳሠሩበት እዚህ ያደገ ልጅ ሁሉ ሲሰማ ያድጋል። ያንን ብርሃን በ1448 ዓ.ም. ከታየው የሃሊ ጅራታም ኮከብ ጋር የሚያያይዙ የታሪክ ጸሐፊዎች አሉ። ይህ ኮከብ በየሰባ አምስት ወይም በየሰባ ስድስት ዓመቱ ገደማ ይመለሳል። በ1902 ዓ.ም. ግንቦት፣ እዚሁ አንጎለላ የተወለዱት ዐፄ ምኒልክ ታመው በተኙበት ወቅት ታይቷል፤ በ1978 ዓ.ም. ሚያዝያ 3 ቀን ለምድር ቀርቦ አልፏል፤ ቀጥሎ ደግሞ በ2053 ዓ.ም. ሐምሌ ወር ለፀሐይ ይቀርባል። በድራማችን የጊዜ ደጅ የሚከፈተው ይህ ኮከብ ሲመጣ፣ ያውም ለጥቂት ሰዓት ብቻ ነው።

ሐምሌ በሰሜን ሸዋ ደጋ ደመናና ጉም የሚሰለጥንበት ወር በመሆኑ ወጣቷ ኮከቡን በዐይኗ አታየውም፤ ከደመናው በላይ መኖሩን የምታውቀው በስሌት ብቻ ነው። ይህን ስጽፍ ደስ ብሎኝ ነበር፤ አድማጩም ልክ እንደ እርሷ ምንም ሳያይ ያምናልና። የክረምቱን ዝናብ ሽምብራ በሰፌድ ላይ እያንገዋለልን ሠራነው። የበሬሳን ሙላት ግን የሚተካ ነገር ስላላገኘን ወንዙ ዳር ወርደን ቀረፅነው።

ወጣቷ የምትመለሰው አንድ ልጅ ለማዳን ነው። በ1978 ዓ.ም. ሚያዝያ የበልግ ዝናብ በሬሳን ሞልቶት አመሻሽ ላይ ሊሻገር የገባ የስምንት ዓመት ልጅ ጎርፍ ይወስደዋል። በመጀመሪያው ጽሑፋችን ይህ ልጅ የሴት አያቷ ወንድም ነበር፤ ይሞታል፤ አያቲቱም በሐዘን ከተማውን ለቃ ደብረ ሲና ትወርዳለች፤ እዚያ ታገባለች፤ ከዚያም የወጣቷ እናት ትወለዳለች። ልጁ ከዳነ ይህ ሁሉ አይሆንም፤ ወጣቷም አትወለድም። ይህን እያወቀች ታድነዋለች። ከዚያ በኋላ በመጀመሪያው ክፍል የሰማናቸው ንግግሮች የእርሷ ድምፅ ከውስጣቸው ተቆርጦ ይደገማሉ፤ የሚጠይቃት ሰው ድምፅ አለ፤ መልሷ የለም። በድምፅ ድራማ ውስጥ የማይናገር ሰው የለም ማለት ስለሆነ፣ መጥፋትን በዚህ መልክ ማሰማት ከየትኛውም ሥዕል ይልቅ እንደሚጎዳ እርግጠኞች ነበርን።

ጽሑፉን ለአክስቴ አነበብኩላት። ቡናዋን እያፈላች እስከ መጨረሻው በጸጥታ ሰማችኝና፣ «ልጅቱስ ራሷን ትስጥ፤ እናቷን ማን ጠየቃት?» አለችኝ።

ለዚህ ጥያቄ መልስ አልነበረኝም። ወጣቷ የሰጠችው የራሷን ሕይወት ብቻ አልነበረም፤ እናቷን፣ የእናቷን እኅትና ወንድሞች፣ ከእነርሱ የተወለዱትንም ሁሉ ሳያውቁ አብራ ሰጥታለች። በቋንቋችን ቤዛ የሚለው ቃል የሚከበረው ከፋዩ ከራሱ ስለሚከፍል ነው። ሌላውን ሳያስፈቅዱ መስጠት ምንም ያህል ልጅ ቢያድን ቤዛነት ሊባል አይችልም። ስለ ጊዜ ጉዞ የሚተርኩ ብዙ ታሪኮች ይህን ጥያቄ በችኮላ ያልፉታል ብዬ አምናለሁ፤ እኛም አልፈነው ነበር። ስድስት ሳምንት የለፋንበትን ጽሑፍ ጥለን እንደ አዲስ ጀመርን።

መውጫውን ያገኘነው ከፊዚክስ ነው። ጊዜ በሁሉም ቦታ እኩል እንደማይሄድ የተረጋገጠ ነው፤ በስልካችን መንገድ የሚመሩን የጂፒኤስ ሳተላይቶች ሰዓት ምድር ላይ ካለው ሰዓት በየቀኑ 38 ማይክሮ ሰከንድ ያህል ስለሚቀድም ዘወትር መታረም አለበት። ወደ ኋላ መመለስ ግን እስከ ዛሬ በስሌት ላይ ብቻ ያለ ነገር ነው። የሒሳብ ሊቁ ኩርት ጎደል እ.ኤ.አ. በ1949 ከአንስታይን እኩልታዎች ተነሥቶ ተጓዥ ወደ ራሱ ትናንት ሊደርስበት የሚችል ዓለም በስሌት እንደሚገኝ አሳየ። ሩሲያዊው የፊዚክስ ሊቅ ኢጎር ኖቪኮቭ ደግሞ እንዲህ ያለ መንገድ ቢኖር እንኳ ተጓዡ የሆነውን ሊለውጥ እንደማይችል፣ የሚያደርገውም ሁሉ ከመጀመሪያው የዚያው ታሪክ ክፍል እንደነበረ የሚገልጽ ሐሳብ አቀረበ።

ስለዚህ በአዲሱ ጽሑፋችን ልጁ አይሞትም፤ ሞቶም አያውቅም። ልጁ የወጣቷ ወንድ አያት ነው። ራሱን ስቶ ወንዙ ዳር ተኝቶ፣ በእርጥብ ነጠላ ተሸፍኖ እንደተገኘ፣ የነጠላው ባለቤት ግን ተገኝታ እንደማታውቅ ለልጅ ልጁ ሲያወራላት ኖሯል። ወጣቷ ነጠላው የማን እንደነበረ በእርግጠኝነት የምታውቀው የራሷን አውልቃ ስታለብሰው ነው። በዚያች ቅጽበት ደጁ ይዘጋል።

ከዚያ በኋላ ያለው ነው የድራማው ልብ። ወጣቷ ቤተሰብ በሌላት ከተማ ትቀራለች፤ እንዝርት ከገበያ ገዝታ ጥጥ እየፈተለች ትኖራለች፤ እናቷ ስትወለድ በአጥር በኩል ትሰማለች፤ በ2033 ዓ.ም. ደግሞ ራሷ ስትወለድ ትሰማለች። ያን ጊዜ ዕድሜዋ ሰባ አምስት ነው። ለማንም አትናገርም። ለሕፃኗ ብትነግራት ልጅቱ ወይ ፈርታ ትቀራለች፣ ወይ ታዝዛ ትሄዳለች፤ እርሷ ግን ልጅቱ መርጣ እንድትሄድ ትፈልጋለች። በ1978ቱ ክፍል ብቻዋን ሆና የምትናገረው አንድ ቃል አለ፦ «እናቴ ከኋላዬ ናት ወይስ ከፊቴ?» ያለፈውን «በፊት»፣ የሚመጣውን «ወደፊት» ብለን በአንድ ቃል ስለምንጠራ፣ ተዋናይዋ ይህችን አንዲት መስመር በትክክል ለማለት አንድ ሙሉ ከሰዓት ፈጅታለች።

መጀመሪያ ላይ እንዝርቱን ልጅቱ ከአሮጊቷ ወርሳ ይዛው እንድትመለስ አድርገን ነበር። ፊዚክስ ያጠናው ጓደኛችን «ታዲያ እንዝርቱን ማን ሠራው?» ብሎ ጠየቀ። እውነቱን ነው፤ ከእርሷ ወደ እርሷ ብቻ የሚዞር እንጨት ሠሪ የለውም። ከገበያ የተገዛው በዚህ ምክንያት ነው።

አንድ ጥያቄ አሁንም ከውስጤ አልወጣም፤ ተፈጽሞ ያለቀ ነገር እንዴት መሥዋዕትነት ሊሆን ይችላል? ወጣቷ ባለቤቷ ያልተገኘውን ነጠላ ታሪክ ሰምታ አድጋለች፤ ሴቲቱ እንዳልተመለሰች ታውቃለች። ይህን ሳስብ የሰላሌው ተወላጅ አቡነ ጴጥሮስ ይታወሱኛል። አርበኞችን እንዲያወግዙና ለጣልያን እንዲገዙ ሲጠየቁ እምቢታቸው ምን እንደሚያስከትል ከማንም በላይ ያውቁ ነበር፤ በ1928 ዓ.ም. ሐምሌ 22 ቀን አዲስ አበባ ላይ በጥይት ተገደሉ። ፍጻሜውን ማወቃቸው ምርጫቸውን አላሳነሰውም፤ እንዲያውም ለእኔ ክብደቱን የሰጠው ማወቃቸው ነው። ወጣቷም ወደ ውኃው ስትገባ ሦስት ጊዜ ቆማ ትተነፍሳለች። ጓደኞቼ ትንፋሹ ረዘመ ብለው ሊቆርጡት ነበር፤ እኔ ግን አንዱም እንዳይነካ ለመንኳቸው።

አድማጭ ሰውን የሚያውቀው በድምፁ ስለሆነ አሮጊቷ በስድስቱም ክፍል አንድ ቃል አትናገርም። መኖሯን የሚነግረን የእንዝርቱ ድምፅ ብቻ ነው። በመጀመሪያው ክፍል የሰባት ዓመቷ ልጅ በአጥሩ አጠገብ ስታልፍ ከበስተ ጀርባ የሚሰማው እርሱ ነው፤ በመጨረሻው ክፍል ያው ማለዳ ይደገማል፤ በዚህ ጊዜ ግን እኛ ከአጥሩ ወዲያ፣ ከፈታዪዋ ጋር ነን።

ለዚህ ሰማንያ ዓመት ያለፋቸውን ጎረቤታችንን ለመንን። እንዝርታቸውን ይዘው መጡና በባናዎቹ መካከል በርጩማ ላይ ተቀመጡ። ሕፃኗ ተዋናይ ከበሩ በኩል እየተራመደች «እማማ፣ እንደምን አደሩ?» ትላለች፤ እርሳቸው ዝም ብለው መፍተላቸውን ይቀጥላሉ። አስረዳናቸው፤ እሺ አሉ። ቀረፃው ሲጀመር ግን «እግዚአብሔር ይመስገን ልጄ» ብለው መለሱ። ደግመን ሞከርን፤ ደግመው መለሱ። በሦስተኛውም እንዲሁ። የሕፃን ሰላምታ ሰምቶ ዝም ማለት እንዴት ይቻላል ብለው አዘኑብን፤ እኔም ሴቲቱ ማን እንደሆነች፣ ሕፃኗም ማን እንደሆነች ከመጀመሪያው ጀምሬ ነገርኳቸው። ለጥቂት ጊዜ መሬት መሬት አዩ፤ ከዚያም «በሉ» አሉን።

በአራተኛው አልመለሱም። ሰላምታው ሲደርሳቸው እጃቸው ቆመ፤ እንዝርቱም ከጭናቸው ተንከባልሎ ወለሉ ላይ ወደቀ። የሕፃኗ እርምጃ እየራቀ ሄደ፤ እስኪጠፋም ድረስ እንዝርቱን አላነሡትም። እኛ የጻፍነው ፈትሉ ሳይቋረጥ እንዲቀጥል ነበር። ያስቀመጥነው ግን ይህንን ነው።