ቢን ካርዱ ይቆይልን

ባለፈው ማክሰኞ ከዋናው መሥሪያ ቤት አንድ ደብዳቤ ደረሰን። ሁለት አንቀጽ ብቻ ናት። የዕቃና የሒሳብ መመዝገቢያ ሲስተሙ ወደ ክላውድ፣ ማለትም በኢንተርኔት ወደሚደረስበት የኪራይ ሠርቨር፣ ከተዛወረ ወዲህ የየመጋዘኑ ከወጪ ቀሪ አዲስ አበባ ላይ በየደቂቃው ስለሚታይ፣ ከመጋቢት ጀምሮ የቢን ካርድ ማሳተሚያ ወጪ አይፈቀድም ትላለች። ኮምቦልቻ መጋዘን ውስጥ የዱቄት ጆንያ ላይ ቁጭ ብዬ ሁለት ጊዜ አነበብኳት። መልሱን በመሥሪያ ቤት ቋንቋ ጽፌ ልኬአለሁ። እዚህ ደግሞ እንደሚሰማኝ ልጻፈው።

ሥራዬ የመጋዘን ቁጥጥር ነው። ድርጅታችን ዱቄት፣ ፓስታና ዘይት ያከፋፍላል፤ ወሎ ውስጥ ኮምቦልቻ ካለው ማዕከል ሌላ ደሴ፣ ሐይቅ፣ ወልድያና ከሚሴ መጋዘን አለን። ዕቃ ሞዴል 19 በሚባለው የገቢ ሰነድ ይገባል፣ ሞዴል 22 በሚባለው የወጪ ሰነድ ይወጣል። ቢን ካርድ ማለት በየድርድሩ ላይ የሚንጠለጠለው ጠንከር ያለ ወረቀት ነው፤ ቀን፣ የሰነድ ቁጥር፣ ገቢ፣ ወጪ፣ ቀሪ፣ ፊርማ ይጻፍበታል። በቃ።

ክላውዱን ከተቃወሙት ወገን እንዳልሆንኩ አስቀድሜ ልናገር። እንዲያውም ከማንም በላይ የፈለግሁት እኔ ነኝ፤ ምክንያቱንም ልንገራችሁ።

በ2014 ዓ.ም. ጥቅምት መጨረሻ ላይ ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲገባ ሁላችንም በየአቅጣጫው ወጣን። እኔ እናቴን ይዤ ደብረ ብርሃን ገባሁ። ኅዳር 27 ከተሞቹ ተለቀቁ ተባለ፤ መንገዱ ሲከፈት ከመጀመሪያዎቹ ጋር ተመለስኩ። የሠርቨሩ ክፍል ባዶ ነበር፤ የግድግዳው ገመድ ሳይቀር ተነቅሏል። ባክአፑ፣ መጠባበቂያ ቅጂው፣ የት ነበር ብትሉኝ፣ እዚያው ክፍል፣ ከሠርቨሩ በላይ ባለው መደርደሪያ ላይ ነበር። አዲስ አበባ የነበረው ቅጂ ለኦዲት የተላከው የሰኔ 30 ብቻ ነው። ሐምሌ፣ ነሐሴ፣ ጳጉሜን፣ መስከረም፣ ጥቅምት፤ ያ ሁሉ ገቢና ወጪ፣ ያ ሁሉ የደንበኛ ዕዳ የለም።

የተረፈን ወረቀቱ ነው። ወረቀት የፈለገ ሰው አልነበረማ። ካርዶቹ ወለሉ ላይ ተበትነው፣ ከዱቄትና ከውሃ ጋር ተላቁጠው፣ የጫማ ምልክት አርፎባቸው አገኘናቸው። የመጋዘን ኃላፊያችን በዕድሜ የገፉ ሰው ናቸው፤ ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው። ምንም ሳይናገሩ ጋቢያቸውን አነጠፉና እየለቀሙ መደርደር ጀመሩ። እኔ እያለቀስኩ ነበር። «አብሽሪ እታለም፤ ቁጥሩ እዚህ አለ» አሉኝ። ካርዶቹን ግቢው ውስጥ ቆርቆሮ ላይ ዘርግተን፣ ነፋስ እንዳይወስዳቸው በየአንዳንዳቸው ላይ ጠጠር አስቀምጠን ሦስት ቀን በፀሐይ አደረቅናቸው። ጋሼ በየወሩ መጨረሻ ቀሪውን በቀይ እስክሪብቶ የማስመር ልማድ ነበራቸው። ሰማያዊው ጽሑፍ ፈዝዞ ቀዩ የተነበበባቸው ካርዶች ብዙ ናቸው። ከዚያ ከሞዴል 22 ጉርዶች ጋር እያስታረቅን የአራት ወሩን ሒሳብ መልሰን አቆምነው።

እንግዲህ በ2016 «ዳታው ከእንግዲህ ኮምቦልቻ አይቀመጥም» ሲባል ምን እንደተሰማኝ ገምቱ።

ነገሩ የእኛ ብቻ ጉዞ አይደለም። በ1972 እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር አምስት የቀድሞ የአይ.ቢ.ኤም. ባለሙያዎች ጀርመን ውስጥ የመሠረቱት የድርጅት ሶፍትዌር ሠሪው ኤስ.ኤ.ፒ. የቀድሞ ሲስተሙን መደበኛ ድጋፍ በፈረንጅ 2027 መጨረሻ እንደሚያቆም ስላሳወቀ፣ የዓለም ትልልቅ ድርጅቶች ለዓመታት በዚሁ ሥራ ተጠምደዋል። የእኛው ሲስተም ሌላ ቢሆንም ግፊቱ አንድ ነው፤ ድጋፉ ያልቃል፣ ሠርቨሩ ያረጃል፣ አዲሱ የሚሸጠው በኪራይ ነው። ኪራዩ ደግሞ በዶላር ነው። ውላችን በተፈረመ በጥቂት ወራት ውስጥ፣ ሐምሌ 22 ቀን 2016፣ የውጭ ምንዛሪው ለገበያ ተለቀቀ። 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። የዓመቱ በጀት በዚያው ተናጋ። የአሥር ዓመት ታሪክ እናዛውራለን የተባለው ቀርቶ የሁለት ዓመት ብቻ ሆነ፤ የቀረው አዲስ አበባ በአንድ ኮምፒውተር ለንባብ ብቻ ተቀመጠ። ደመወዝ የሚሠራበት የሲስተሙ ክፍልም ለጊዜው አገር ውስጥ እንዲቆይ ተወሰነ፤ የሕግ ክፍሉ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ን ይዞ የሠራተኛ መረጃ ከአገር የሚወጣበት ሁኔታ ሳይጣራ አይሆንም አለ። ትክክል ነው።

ከዚያ ዳታ ማጽዳት መጣ። ስለ ክላውድ ሲወራ ስለዚህ የሚያወራ ሰው አለመኖሩ እስከ ዛሬ ያስቆጨኛል።

ወሎ ውስጥ ሰይድ፣ እንድሪስ፣ ይማም፣ መሐመድ የሌለበት የደንበኛ መዝገብ የለም። በእኛ ፊደል እንድሪስ እንድሪስ ነው። በላቲን ፊደል ግን አንዱ ጸሐፊ በኢ ይጀምረዋል፣ ሌላው በአይ፤ አንዱ መጨረሻው ላይ ኤስ ይደርባል። መሐመድን በሰባት ዓይነት ተጽፎ ቆጥሬዋለሁ። የሐይቅ አንድ ነጋዴ በአንዱ ስም 184,000 ብር ዕዳ ተጽፎበት፣ በሌላው ስም ያንኑ ገንዘብ በትርፍ እንደከፈለ ሆኖ ተገኘ። ሲስተሙን የሚያዛውሩልን አማካሪዎች በፕሮግራም ስም ከስም አመሳስለን እናዋህድ አሉ። እኔ ደግሞ ሰይድ መሐመድ የሚባሉ አሥራ አንድ የተለያዩ ሰዎች አሉን፤ አንዱን ከአንዱ ካዋሃዳችሁት የሰው ዕዳ ለሰው ትሰጣላችሁ አልኩ። በመጨረሻ አሥር አሃዝ ባለው የቲን ቁጥር አስተሳሰርናቸው። ቲን በመዝገባችን ያልነበረላቸውን ትንንሽ ባለሱቆች ጋሼ አጠገቤ ተቀምጠው ለዩልኝ፤ «ይህ የደሴ ሰኞ ገበያው ነው፣ ይህ የከሚሴው፣ ይህችኛዋ ሱቅ አሁን የልጁ ናት» እያሉ። ሁለት ሳምንት ፈጀ።

የዕቃ መግለጫውም ሌላ ጣጣ ነበር። የኢትዮጵያ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ፣ ኮምፒውተሮች ሁሉ ፊደል በሚለዩበት የጋራ ኮድ ውስጥ፣ የገባው በ1999 እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ነው፤ ዩኒኮድ እኛ ቢሮ እስኪደርስ ድረስ ግን ብዙ ዓመት በድሮዎቹ የግዕዝ ፎንቶች ጽፈናል። በእነዚያ ፎንቶች የተጻፈው ለዓይን አማርኛ ይምሰል እንጂ ለኮምፒውተሩ የላቲን ምልክት ነው። አዲሱ ሲስተም ላይ ሲጫን «አንደኛ ደረጃ የስንዴ ዱቄት» የነበረው የነጠላ ሰረዝና የቅንፍ ክምር ሆኖ ወጣ። መስፈሪያውም እንደዚያው። ድሮ «ጆንያ» ተብሎ የተመዘገበው አንዳንዴ ሃምሳ ኪሎ ነው፣ አንዳንዴ ኩንታል። የትኛው የትኛው እንደሆነ የሚያውቁት ጫኞቹ ናቸው። እነሱን ለመጠየቅ ወደ መጋዘን የወረደ አማካሪ አንድ ልጅ ብቻ ነበር፤ እግዜር ይስጠው፣ ከእርሱ ጋር የሠራነው ዝርዝር እስካሁን አልተበላሸም።

የቀኑ ነገር ግን ከሁሉም ይበልጣል። በጀት ዓመታችን ሐምሌ 1 ይጀምራል፣ ሰኔ 30 ያልቃል፤ ጳጉሜን ከነሐሴ ጋር ነው የምንዘጋት። ሲስተሙ በውስጡ የሚቆጥረው በፈረንጅ ቀን ስለሆነ፣ የእኛ ወር ከየትኛው ቀን እስከ የትኛው እንደሆነ በሰንጠረዥ ይነገረዋል። አማካሪዎቹ ሰንጠረዡን አንዴ ሠርተው ለየዓመቱ ደገሙት። የ2015 ጳጉሜን ግን ስድስት ቀን ነበረች። ስለዚህ የ2016 እንቁጣጣሽ የዋለው በፈረንጅ ሴፕቴምበር 11 ሳይሆን 12 ነው፤ ከዚያም እስከ የካቲት ድረስ እያንዳንዱ ወር በአንድ ቀን ተገፍቶ ይጀምራል። መስከረም 30 የሸጥነው ሁሉ አዲሱ ሲስተም ላይ ጥቅምት ውስጥ ገባ። የወር መጨረሻ ቀን ደግሞ ሽያጭ የሚጎርፍበት ነው። የመስከረሙ ሽያጭ ለግብር ካሳወቅነው ጋር አልገጥም ሲል፣ ስህተቱ ዳታው ላይ ነው ብለው ሦስት ቀን ዳታውን ሲበረብሩ ዋሉ። እኔ የግድግዳ ካላንደር ይዤ ገባሁ። አሁን ሰንጠረዡ ለየዓመቱ ለብቻው ነው የተሞላው፤ የ2019 ጳጉሜንም ስድስት መሆኗ ከወዲሁ ተጽፎበታል። ሲስተም የምታዛውሩ ወገኖቼ፣ ሌላውን ብትረሱ ይህችን ሳታዩ አትፈርሙ።

የመዛወሪያው ቀን ሐምሌ 1 ቀን 2017 ሆነ። ተቃውሜ ነበር። ለሒሳብ ክፍሉ የዓመት መክፈቻ ማለት ንጹሕ መነሻ ነው፤ ይገባኛል። ለእኛ ግን ሰኔ 30 የዓመት ቆጠራ ነው፣ ሐምሌ ክረምት ነው፣ መብራት ይሄዳል። ሐሳቤን አልተቀበሉትም። በምትኩ አንድ ነገር ለመንኩ፤ ቁጥር የተመታበት ሞዴል 22 ለአንድ ሳምንት የሚበቃ በየመጋዘኑ ይቀመጥልን አልኩ። እሺ አሉ።

በመጀመሪያው ቀን ጠዋት ሲስተሙ ተከፈተ፣ ቀሪው ልክ ነው፣ ሁላችንም አጨበጨብን። ችግሩ ሰነድ ሲታተም መጣ። ሲስተሙ ያለው አውሮፓ ነው፤ ማተሚያችን ኮምቦልቻ በር ላይ ያለች፣ ባለ ሦስት ቅጂ ካርቦን ወረቀት የምትመታ ዶት ማትሪክስ ናት። ሠርቨሩ እዚሁ ግቢ በነበረ ጊዜ በቀጥታ ያዛት ነበር። አሁን ግን አያያትም። ሰነዱን በፒ.ዲ.ኤፍ. አውርደን ስንልክላት እንደ ፎቶ መስመር በመስመር እየፈተገች አንዷን ገጽ ሦስት ደቂቃ አቆየቻት፤ ሦስተኛው ቅጂ ላይ ምንም አይነበብም። መኪኖቹ እስከ አስፋልቱ ተሰለፉ። ዝናቡ ይወርዳል፣ ሸራ ይወጠራል፣ ሾፌሮቹ ይጮኻሉ። አራት ቀን በእጅ በሞዴል 22 ሠራን። በአምስተኛው ቀን ግቢው ውስጥ ያለ አንድ ኮምፒውተር ሰነዱን ከላይ እየሳበ በጽሑፍ መልክ ለማተሚያዋ እንዲሰጥ ተደረገ፤ እስከ ዛሬም እንደዚያው ነው።

መዘግየቱም ነበር። ብርሃን በፋይበር ውስጥ በሴኮንድ ወደ 200,000 ኪሎ ሜትር ይጓዛል፤ ግን ከኮምቦልቻ አውሮፓ ደርሶ መልስ ቀላል መንገድ አይደለም፤ እኛ የለካነው 160 ሚሊሴኮንድ ገደማ ነው። አንድ ጊዜ ቢሆን ማንም አያስተውለውም። የድሮው የማስገቢያ ገጽ ግን አንድ ሞዴል 19 ለመመዝገብ ሠላሳ ጊዜ ሠርቨሩን ይጠይቅ ነበር። በየሰነዱ አምስት ሴኮንድ ያህል መጠበቅ ማለት ነው። መስመሩን ሁሉ ሞልተን አንዴ የምንልክበት ገጽ ከተሠራልን በኋላ ጸሐፊዎቹ ተነፈሱ።

አሁን ጥሩ ይሠራል፤ ከልቤ ነው የምለው። ወልድያ የገባ ዕቃ ደሴ ሆኜ አየዋለሁ። ማታ ስተኛ የሠርቨሩን ክፍል አላስብም። ነገ አንድ ነገር ቢመጣ የምይዘው እናቴን ብቻ ነው።

ታዲያ ካርዱን ለምን አልለቅም? ደብዳቤዋ በደረሰች ማግስት ሐረጎ ላይ መንገድ ሲቆፈር ፋይበሩ ተቆረጠ። ተጠባባቂው የሞባይል መስመር ለቢሮው እንጂ ለበሩ አልበቃም። አንድ የወልድያና አንድ የመርሳ መኪና ቆመዋል። ጋሼ ካርዱን አንብበው አስጫኑ፣ በእጅ ፈረሙ። ማታ መስመሩ ሲመለስ ስናስገባ ሲስተሙ ከካርዱ በአሥራ ሁለት ጆንያ አነሰ። ድርድሩን ቆጠርን፤ ልክ የነበረው ካርዱ ነው። ለካ ከሦስት ቀን በፊት የገባ አንድ ሞዴል 19 በደሴ መጋዘን ኮድ ተመዝግቧል። የሁለቱንም ፎቶ፣ የካርዱንና የስክሪኑን፣ ከመልሴ ጋር አያይዤ ላክሁ። ሲስተሙ የሚያየው የተጻፈለትን ነው፤ ካርዱ ላይ የሚጽፈው ሰው ግን ዕቃው አጠገብ ቆሞ ነው የሚጽፈው።

ትናንት መልስ መጣ። እስከ ሰኔ ይቀጥል፣ ከቆጠራው በኋላ ይታያል አሉ። ዛሬ ጠዋት ደሴ ፒያሳ ማተሚያ ቤት ሄጄ አምስት መቶ ካርድ አዘዝኩ። ከመውጣቴ በፊት ምን ይስተካከል ብዬ ጋሼን ጠይቄአቸው ነበር። የድሮውን ካርድ በሁለት ጣታቸው መካከል አሸት አሸት አደረጉና፣ «ወረቀቱ ትንሽ ወፈር ይበል» አሉኝ፤ «ከረጠበ በኋላም እንዲደርቅ።»