ከዋይፋዩ የባሰው ኬብል

አዳማ ፖስታ ቤት አካባቢ ካለ ባለ አንድ ፎቅ መኖሪያ ቤት የመጣው ቅሬታ የኢንተርኔት ባለሙያዎች በየጊዜው የሚሰሙት ዓይነት ነው። የሚከፈለው በሰከንድ ለ50 ሜጋቢት (በተለምዶ «ሜጋ»)፣ ፎቅ ላይ የሚደርሰው 7 ሜጋ። የቤቱ ልጅ የሚሠራው ከላይኛው ክፍል ሆኖ በቪዲዮ ስብሰባ ስለሆነ ድምፁ በተቆራረጠ ቁጥር ሥራው ይስተጓጎላል። ለየት ያለው ነገር አባትየው በሩን እየከፈቱ ለባለሙያዋ የነገሯት ነው፦ «ልጄ፣ ኬብሉንም ሞክረነዋል፤ እሱማ ጭራሽ ከዋይፋዩ ባሰ።»

በዚህ ፓኬጅ ኬብል ከዋይፋይ ከዘገየ ኬብሉ ላይ አንድ ችግር አለ ማለት ነው። እሱ ጋ ከመድረስ በፊት ግን የቤቱን ችግር ከውጭው መስመር መለየት ያስፈልጋል። ላፕቶፑ በአጭር ኬብል ራውተሩ ላይ ተሰክቶ፣ ዋይፋዩ ተዘግቶ ሲለካ 49 ሜጋ አሳየ፤ የሚገባው መስመር ጤነኛ ነው። እዚያው ሳሎን በ5 ጊጋኸርዝ ዋይፋይ 46 ሆነ። ፎቅ ላይ፣ በሌላው የዋይፋይ ሞገድ፣ በ2.4 ጊጋኸርዝ፣ 7። ቀጥሎ ከላይኛው ክፍል ወደ ራሱ ራውተር፣ ወደ አድራሻው 192.168.1.1፣ ፒንግ ተደረገ፤ ፒንግ አጭር መልእክት ልኮ መልሱ በስንት ጊዜ እንደሚመጣ መለካት ነው። መልሱ አንዴ በ3 ሚሊሰከንድ፣ አንዴ በ200 ይመጣል። ይህ ሙከራ ከቤት ስለማይወጣ፣ እዚህ ላይ የታየ መዘግየት በአገልግሎት ሰጪው ሊሳበብ አይችልም። ፓኬጅ ከፍ ለማድረግ ገንዘብ ከመክፈል በፊት ይህን ማየት ብዙ ወጪ ያድናል።

ራውተሩ የተቀመጠው ቡፌ ውስጥ፣ መስታወቱ ፊት ለፊት ነው። የመስታወት ጀርባ የተቀባው ስስ ብረት ሞገዱን ይመልሰዋል። ከዚያ ወደ ላይ ሶሌታው አለ፤ ፌሮ የታሰረበት ኮንክሪት ከብሎኬት ግድግዳ በላይ ሞገድ ያዳክማል፣ 5 ጊጋኸርዙን ደግሞ ከ2.4ቱ ይበልጥ። ስልኩም ላፕቶፑም ፎቅ ሲወጡ ወደ 2.4 የሚወርዱት ለዚህ ነው። ከላይ የተለካው የሲግናል ጥንካሬ ከዜሮ በታች 79 ዲቢኤም ነበር፤ ቁጥሩ ከዜሮ በራቀ መጠን ሲግናሉ ይደክማል፣ ለቪዲዮ ስብሰባም ከዜሮ በታች ከ67 ባይወርድ ይመረጣል። በየ3 ዲቢው ኃይሉ በግማሽ እንደሚቀንስ ካሰብን የ12 ዲቢ ልዩነት አሥራ ስድስት እጥፍ ነው።

ሲግናሉ ሙሉ ቢሆንም ግን ዋይፋይ ኬብልን የማያክልበት መሠረታዊ ምክንያት አለ። ኬብል በአንድ ጊዜ ይልካልም ይቀበላልም። ዋይፋይ ላይ ግን አየሩ አንድ ነው፤ አንድ ማይክ እንደሚዞርበት የእድር ስብሰባ፣ አንዱ ሲናገር ሌላው ሁሉ ዝም ብሎ ተራውን ይጠብቃል። በዚያ ላይ ለተላከው ሁሉ «ደርሶኛል» የሚል መልስ መምጣት አለበት፣ ካልመጣ እንደገና ይላካል። ስለዚህ ስልኩ ላይ «144 ሜጋ» ተብሎ ከሚጻፈው የግንኙነት ፍጥነት በተግባር የሚገኘው ግማሽ ያህሉ ነው።

ራቅ ያለ ደካማ ስልክ ደግሞ ሁሉንም ይጎትታል። 1500 ባይት ያለው አንድ ፓኬት (የመረጃ እሽግ) በ144 ሜጋ ሲላክ ከአንድ ሚሊሰከንድ አንድ አሥረኛ ያነሰ ጊዜ ይወስዳል፤ ሲግናሉ ወድቆ ስልኩ ወደ 1 ሜጋ ሲወርድ ያው ፓኬት አየሩን 12 ሚሊሰከንድ ይይዛል። ግቢው ውስጥ ተከራዮችም አሉ፣ የጎረቤቶች ራውተርም ይሰማል። 2.4 ላይ የማይነካኩት ቻናሎች (የሞገዱ ክፍልፋዮች) 1፣ 6 እና 11 ብቻ ናቸው። ይህ ቤት ቻናል 4 ላይ፣ ያውም በ40 ሜጋኸርዝ ስፋት ተቀምጦ ነበር፤ ከ1ም ከ6ም ጋር ይጋጫል። ለፎቁ የተገዛው ሪፒተርም አላገዘም፤ የተቀበለውን ሲግናል በዚያው ቻናል ደግሞ ስለሚልክ ፍጥነቱን በግማሽ ይቀንሳል።

አሁን ወደ ኬብሉ። ቤቱ ሲሠራ በግድግዳ ውስጥ የተቀበረ፣ 25 ሜትር ገደማ የሚሆን ካት 5ኢ የሚባል የኔትወርክ ኬብል ነው፤ ከሚፈቀደው 100 ሜትር በጣም ያጠረ። የኬብል መፈተሻው (ቴስተሩ) ላይ ሲሰካ መብራቶቹ ከ1 እስከ 8 በቅደም ተከተል በሩ። ብዙ ሰው እዚህ ላይ «ኬብሉ ደህና ነው» ብሎ ይሄዳል። ፒንግ ሲደረግ ግን ከመቶው አምስት ስድስቱ ይጠፋሉ።

ባለሙያዋ ኮኔክተሩን (የኬብሉን ጫፍ መሰኪያ) ወደ ብርሃን አዙራ ቀለሞቹን አነበበች፦ ነጭ-ብርቱካናማ፣ ብርቱካናማ፣ ነጭ-አረንጓዴ፣ አረንጓዴ፣ ነጭ-ሰማያዊ፣ ሰማያዊ፣ ነጭ-ቡናማ፣ ቡናማ። በሁለቱም ጫፍ እንዲሁ። ለዓይን የተስተካከለ ይመስላል፤ ስህተቱ ግን እዚህ ነው። ሽቦዎቹ ጥንድ ጥንድ ሆነው የተጠማዘዙት አንዱ የሌላውን ረብሻ እንዲያጠፋ ሲሆን፣ መሣሪያው ደግሞ 3ኛውን ከ6ኛው ጋር እንደ አንድ ጥንድ ይጠቀማል። በዚህ አሰካክ 3ኛው ነጭ-አረንጓዴ፣ 6ኛው ሰማያዊ ሆነ፤ አብረው ያልተጠማዘዙ ሁለት ሽቦዎች ናቸው። የቴስተሩ መብራት ሽቦው መድረሱን ብቻ እንጂ ከማን ጋር እንደተጠማዘዘ አያይም።

አዲስ ኬብል መጎተት አላስፈለገም። ሁለቱም ጫፍ ተቆርጦ በትክክለኛው ቅደም ተከተል ታሰረ፦ ነጭ-ብርቱካናማ፣ ብርቱካናማ፣ ነጭ-አረንጓዴ፣ ሰማያዊ፣ ነጭ-ሰማያዊ፣ አረንጓዴ፣ ነጭ-ቡናማ፣ ቡናማ። ጥምዝምዙ የተፈታው ከ13 ሚሊሜትር ሳይበልጥ ነው። ፒንጉ ከ1 ሚሊሰከንድ በታች ወረደ፣ የሚጠፋም አልነበረም፤ ፎቅ ላይ 49 ሜጋ ተለካ።

ሪፒተሩ ተነስቶ በምትኩ ቤት ውስጥ ተቀምጦ የነበረ አሮጌ ራውተር ፎቅ ላይ ተተከለ። የራሱ ዲኤችሲፒ (ለመሣሪያዎች አድራሻ የሚያድለው አገልግሎት) ተዘጋ፣ አድራሻው 192.168.1.2 ሆነ፣ ኬብሉም ለውጭ መስመር በተሠራው ዋን በሚለው ሳይሆን ለቤት ውስጥ መሣሪያዎች በሆኑት ላን ከሚሉት ቀዳዳዎች በአንዱ ተሰካ። የታችኛው ቻናል 1 ላይ፣ የላይኛው 11 ላይ ሆኑ፣ ሁለቱም በ20 ሜጋኸርዝ ስፋት። የሳሎኑ ራውተር ከቡፌው ወጥቶ ግድግዳ ላይ ተሰቀለ። የልጁ ላፕቶፕ በኬብል ይሠራል፣ ስልኮቹ በዋይፋይ።

አባትየው ቴሌቪዥኑስ ብለው ጠየቁ። በዚህ ፓኬጅ በኬብል ቢሆን ይሻለዋል፣ ለስልኮቹም አየር ይለቃል። ፓኬጁ ወደፊት ከ100 ሜጋ ካለፈ ግን መታየት ያለበት የቴሌቪዥኑ የኬብል ቀዳዳ ነው፤ ብዙዎቹ ላይ ጣሪያው 100 ሜጋ ስለሆነ፣ ራውተሩ አጠገብ ያለ ጥሩ የ5 ጊጋኸርዝ ዋይፋይ ሊበልጠው ይችላል።