ዳትሰኗን ይዘን በብሉ ሪጅ

መኪናዬ የ1972 ሞዴል ዳትሰን 240ዚ ናት። የምትጭነው ሁለት ሰው ብቻ ነው። ኤሲ የላትም። መሪዋ የሚዞረው በክንድ ጉልበት ነው። ስድስት ሲሊንደር፣ 2.4 ሊትር ሞተር፣ ቤንዚኑን ከአየር የሚቀላቅሉ ሁለት ካርቡሬተሮች። ጠዋት ስትነሳ ከማርሹ አጠገብ ያለውን፣ ለቀዝቃዛ ሞተር ነዳጅ የሚያበዛውን የቾክ ዘንግ ትጎትትላታለህ፤ ስትሞቅ ቀስ እያልክ ትመልሰዋለህ። እንዲህ ያለ መኪና የያዘ ሰው ሥራ አያጣም።

በሐምሌ 2024 (እ.ኤ.አ.) ከአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ተነስተን በብሉ ሪጅ ተራሮች ላይ እስከ ቸሮኪ፣ ኖርዝ ካሮላይና ድረስ ሄድንባት። አብረውኝ የነበሩት ጋሼ ናቸው። ጡረታ የወጡ መካኒክ ናቸው። እጃቸውን ያፍታቱት አዲስ አበባ በፊያት ነው። ኮምፒውተር ሰክቶ ምርመራ የሚባለውን እዚህ መጥተው ነው ያዩት። ተለማመዱት፣ እንጀራም በሉበት፤ ልባቸው ግን አሁንም ካርቡሬተርና ካንዴላ ላይ ነው።

ብዙ ሰው ሊያስቀረኝ ሞክሮ ነበር። «ያን ሁሉ መንገድ በዚህች አሮጌ? መንገድ ላይ ትቀራለህ!» ያለኝም አለ፣ «በተጎታች ጭነህ ውሰዳት» ያለኝም አለ። ጋሼን ስጠይቃቸው ሳቁ። «መንገድ መኪና አይገድልም። የሚገድላት መቆም ነው» አሉኝ።

እውነታቸውን ነው። ቆሞ የከረመ መኪና ጎሚኖቹ ይደርቃሉ። የፍሬን ዘይቱ እርጥበት ይስባል፣ ፒስተኖቹ ዝገው ይጣበቃሉ። ቤንዚኑ ካርቡሬተር ውስጥ ደርቆ ሙጫ ይሆናል። የዛሬ ቤንዚን ደግሞ እዚህ አሜሪካ አብዛኛው እስከ 10 በመቶ ኤታኖል አለው። ኤታኖል የድሮ ጎማ ቱቦ ጠላት ነው፤ ቀስ በቀስ ያበላሸዋል። ስለዚህ ከመነሳታችን በፊት የነዳጅ ቱቦዎቹን በሙሉ ቀየርን። የፍሬን ዘይቱንም እንዲሁ። የጎማዎቹንም የምርት ቀን አየን። ጎማው ጎን ላይ ባለው ቁጥር መጨረሻ አራት አሃዞች አሉ፤ ሁለቱ ሳምንቱን፣ ሁለቱ ዓመቱን ይናገራሉ። ጥርሱ አዲስ የሚመስል ጎማ ዕድሜው አሥር ዓመት ካለፈ አትመነው።

ከፍሮንት ሮያል ከተማ ስካይላይን ድራይቭ የሚባለውን የተራራ መንገድ ያዝን። 105 ማይል ነው፣ 169 ኪሎ ሜትር። የፍጥነት ወሰኑ 35 ማይል ብቻ። በዛሬ መኪና እንቅልፍ ያስወስዳል። በዳትሰን ግን ሦስተኛ ማርሽ ይዘህ፣ መስኮት ከፍተህ፣ በየኩርባው እጅህም እግርህም ሥራ ላይ ነው። ቁልቁለቱን በማርሽ ይዘህ ትወርዳለህ እንጂ ፍሬን አታቃጥልም። ሜሪስ ሮክ ዋሻ ስንገባ ጋሼ ራሳቸው «እስቲ ስጣት!» አሉኝ። ነዳጁን ረገጥኩት። የስድስቱ ሲሊንደር ድምፅ ከድንጋዩ እየተመለሰ ደረታችን ውስጥ ገባ። ጋሼ ስለ ታርማ በር ዋሻ ማውራት ጀመሩ፤ በጭጋግ ወደ ደብረ ሲና ሲወርዱ መብራታቸው ስለጠፋባቸው ሌሊት። ያን ታሪክ ከዚያ በፊት ነግረውኝ አያውቁም።

ስካይላይን ሮክፊሽ ጋፕ ላይ ሲያልቅ ብሉ ሪጅ ፓርክዌይ ይቀጥላል። 469 ማይል፣ 755 ኪሎ ሜትር፣ ሙሉውን በተራራ ጀርባ ላይ። የጭነት መኪና አይገባበትም። ትልልቅ የማስታወቂያ ሰሌዳ የለም። ራሱ መንገዱ ላይ ማደያም የለም፤ ቤንዚን ከፈለግህ ወጥተህ ወደ ከተሞቹ ትወርዳለህ። ወሰኑ በአብዛኛው 45 ማይል ነው። የኔ መኪና ይህን ፍጥነት ትወዳለች። ሞተሯ አይጮህም፣ አይታነቅም፣ ሙቀቷ መሃል ላይ ይቆማል።

ሜብሪ ሚል የሚባል የውሃ ወፍጮ ጋ ምሳ ልንበላ ቆምን። ስንመለስ መኪናዋ እምቢ አለች። ሞተሩ ይዞራል፣ አይነሳም። ደነገጥኩ። ጋሼ ቁልፉን ተቀብለውኝ ኮፈኑን ከፈቱና ዛፍ ጥላ ስር ቁጭ አሉ። በዚህ ሞተር ካርቡሬተሮቹ የተቀመጡት ልክ ከጭስ ማውጫው በላይ ነው። በሙቀት ቀን ስታቆማት ሙቀቱ ወደ ላይ ይወጣና ቤንዚኑ እዚያው ይፈላል። በነዳጅ ፈንታ ተን ይሆናል። መድኃኒቱ መታገስ ብቻ ነው። ጋሼ እርጥብ ጨርቅ በነዳጅ ቱቦው ላይ ጣል አደረጉ፣ ብርቱካን ላጡ፣ አካፈሉኝ። ብርቱካኑን ስንጨርስ በአንድ ቁልፍ ተነሳች።

ከሁሉ የማልረሳው ግን ከአሽቪል በኋላ ያለው ነው። መንገዱ እየወጣ እየወጣ ሪችላንድ ባልሳም ላይ 1,845 ሜትር ይደርሳል። የፓርክዌይ ጣሪያው ይህ ነው። ጋሼ ሰሌዳውን አንብበው «ይሄ ነው እንዴ ከፍታው? አራት ኪሎ ይበልጠዋል እኮ!» አሉ። ልክ ናቸው። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። ከሚሲሲፒ ወንዝ በስተምሥራቅ ያለው ከፍተኛ ተራራ፣ ማውንት ሚቸል፣ እንኳ 2,037 ሜትር ነው።

ዳትሰኗ ግን የኖረችው ባሕር ወለል አጠገብ ነው። እዚያ ከፍታ ላይ አየሩ ከታች ካለው አንድ ስድስተኛ ገደማ ይሳሳል። ካርቡሬተር ይህን እንደ ዛሬ መኪና ራሱ አያስተካክልም። ነዳጁ ይበዛል፣ አየሩ ያንሳል። ስትቆም መንቀጥቀጥ ጀመረች፣ ጭሷም ቤንዚን ቤንዚን አለ። ጋሼ አንድ ካንዴላ ፈትተው አሳዩኝ፤ ጥቁር ጥላሸት ለብሷል። ጤነኛ ሲሆን ፈዘዝ ያለ ቡናማ መሆን ነበረበት። ከዚያ ጎንበስ ብለው ከሁለቱ ካርቡሬተሮች ስር ያሉትን ጥርሳማ ብሎኖች በጣታቸው ትንሽ ትንሽ ዞር አደረጉ። ጆሯቸውን ወደ ሞተሩ አስጠግተው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው። ሌላ መሣሪያ አልያዙም። መንቀጥቀጡ ቆመ።

«አዲስ አበባ የተስተካከለ መኪና አዋሽ ሲወርድ ነዳጅ ያንሰዋል፤ ከአዋሽ የመጣ ደግሞ እኛ ጋ ይታነቃል። የኛ ሥራ ይሄ ነበር» አሉኝ። ይህንን ዕውቀት የሚፈልግ ሰው ዛሬ ስንት ነው? እኔ እፈልገዋለሁ። በየቦታው እያስቆምኩ ጠየቅኳቸው። ብሎኑንም እጄን ይዘው አስዞሩኝ።

ከዚያ በፊት ግን ሊን ኮቭን አልፈናል። ግራንድፋዘር በሚባለው ተራራ ወገብ ላይ የተንጠለጠለ ድልድይ ነው፣ 379 ሜትር። 153 የኮንክሪት ቁርጥራጮች ናቸው፤ ከነሱ ቀጥ ያለው አንድ ብቻ ነው። ተራራውን ላለመቁረጥ ብለው ከተሠራው ጫፍ ላይ ሆነው ቀጣዩን እየገጠሙ ወደፊት ሄዱ። የፓርክዌይ ሥራ በ1935 ተጀምሮ ይህ ክፍል ሲከፈት በ1987 ተጠናቀቀ። ይህን ያህል ተጨንቆ የተሠራ መንገድ ላይ መቸኮል ነውር መሰለኝ።

ለነገሩ 240ዚ መንገድ የምትፈራ መኪና አይደለችም። በ1971 እና በ1973 የምሥራቅ አፍሪካን ሳፋሪ ራሊ ያሸነፈችው እሷ ናት። ያ ውድድር የጭቃና የአቧራ ነበር። በ1973 ነድቷት ያሸነፈው ኡጋንዳ የተወለደው ሼክሃር ሜህታ ነው። የጎረቤቶቻችንን አፈር የረገጠች መኪና ናት። እሷን ሸራ አልብሶ ጋራዥ ውስጥ ማቆም አንጀቴን ይበላዋል።

መመለሻችን በ81 አውራ ጎዳና ነበር። ስለሱ የምጽፈው የለኝም። የጭነት መኪና ብቻ ነው።

በዚያው ዓመት መስከረም መጨረሻ ሄሊን የተባለው አውሎ ነፋስ መጣ። የፓርክዌይን የኖርዝ ካሮላይና ክፍል በናዳና በጎርፍ ክፉኛ ጎዳው። ያለፍንባቸው ቦታዎች ፎቶ ሲወጣ አስፋልቱ ተገምሶ ወደ ገደል ወርዶ አየሁ። ሰውም ሞቷል፣ ከተሞችም ፈርሰዋል፤ ከዚያ አንጻር የኔ ሐዘን ትንሽ ነው። ግን አዘንኩ። ለጋሼ ደውዬ ነገርኳቸው። ዝም አሉና «እንኳን ሄድን» አሉኝ።

አንድ ጓደኛዬ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ የሰባዎቹን አልፋ ሮሜዮ ሸራ አልብሶ ለዓመታት አቁሟታል። «ጊዜ ሳገኝ» ይላል። ትናንት ቤቱ ሄድኩ። የጎማዎቹን ቁጥር አነበብኩለት፤ አራቱም መጣል አለባቸው። የታንኩን ክዳን ከፍተን አሸተትን፤ ቤንዚን መሆኑ ቀርቷል። ሞተሯ ግን በእጅ ሲዞር ይዞራል፣ አልተነከሰም። ጋሼ ቅዳሜ ጠዋት እንመጣለን ብለዋል። ባትሪውንና አዲሱን ቱቦ እኔ ይዤ እሄዳለሁ፤ ጎማውን እሱ ይግዛ።