ያቲር፦ በቁጥር ብቻ የማውቀው ጫካ

ዓርብ ከሰዓት በኋላ እስራኤል፣ ቤርሸባ ከተማ ስደርስ አውቶቡስ የለም። ሰንበት ሊገባ ነው፤ ከተማው ተዘጋግቷል። አዲስ አበባ ቢሆን አንድ ወያላ አይጠፋም ነበር። ያገኘሁት ታክሲ ለአጭር መንገድ 120 ሼቄል ላጠኝ። የማረፊያዬ በር ደግሞ የሚከፈተው በኮድ ነው። ኮዱን አልላኩልኝም፤ ስልክም አያነሱም።

ደረጃው ላይ ተቀምጬ ለወንድሜ በስልክ ሳማርር፣ ነጭ ነጠላ የለበሱ እናት ቆም አሉ። "ምነው ልጄ፣ ማን አስቀየመህ?" የጎንደር ሰው ናቸው። ሁለቱን ሌሊት እሳቸው ቤት አደርኩ። ለሰንበት የጋገሩትን ዳቦ ሳልቆጥር በላሁ። "እሁድ በ6 ሰዓት ይወስዱኛል" ብላቸው፣ "ታዲያ እስከ ቀትር ምን ትሠራለህ?" አሉኝ። ያን ሁሉ ዘመን እዚያ ኖረው ሰዓት የሚቆጥሩት እንደ አገራቸው ነው። የፈረንጅ አቆጣጠር የለመድኩት እኔ ነኝ።

የመጣሁት የያቲርን ጫካ ለማየት ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ የዚያን ጫካ ቁጥሮች ኮምፒውተር ላይ ስፈጭ ዛፉን በዓይኔ አላየሁትም። ኔጌቭ በረሃ አፋፍ ላይ መተከል የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1964 ነው። የዓመት ዝናቡ 280 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ አዲስ አበባ በአንድ ደህና የክረምት ወር የምታገኘውን ያህል። እ.ኤ.አ. ከ2000 ጀምሮ ከዛፎቹ አናት በላይ የቆመ ማማ ጫካው የሚወስደውን ካርቦን በየግማሽ ሰዓቱ ይመዘግባል።

ስለ መንገዱ የምለው የለም፤ ተኝቼ ነበር።

ዛፎቹ ፓይን ናቸው። አቧራ የጠጡ፣ ቀጫጭን። መስከረም መግቢያ ላይ ስለነበር ዝናብ ካዩ ወራት አልፏል። ከጠዋቱ 1 ሰዓት ተኩል የካርቦን መለኪያውን ቅጠሉ ላይ ቆነጠጥን። ትንሽም ቢሆን ካርቦን ይወስዳል! 4 ሰዓት ላይ ሊያቆም ምንም አልቀረውም። ውኃ እንዳያልቅበት የቅጠሉን ጥቃቅን ቀዳዳዎች ዘግቷል። ካርቦን የሚገባው ግን በእነዚያው ቀዳዳዎች ነው፤ ከጥም ረሃብ ይሻለኛል ያለ ይመስላል። ደህና አድርጎ የሚበላው በየካቲትና በመጋቢት ነው።

እዚያው ቆሜ አፈርኩ። ጫካውን ኮምፒውተር ላይ የማሰላበት ሞዴሌ ድርቅን የሚያውቀው ዛፉ የሚወስደውን ካርቦን በሚያባዛ አንድ ቁጥር ነው፤ አፈሩ ሲደርቅ ከ1 ወደ 0 ይወርዳል። በእነዚያ ሁለት ሰዓት ተኩል ውስጥ ግን አፈሩ ያው ነው። የተለወጠው አየሩ ነው፤ ሞቆ ደርቆ ከቅጠሉ ውኃ ይመጥጣል። ሞዴሌ ቀኑን ሙሉ እኩል የተጠማ ዛፍ ነበር የሳለው።

ማታ እማማ ጠረጴዛ ላይ ላፕቶፔን ከፍቼ ስሰርዝ ስደልዝ ጠጋ አሉ።

"ይሄ ምንድን ነው?"

"ጫካው ነው እማማ።"

መነጽራቸውን አድርገው ትንሽ ፈለጉ። "ዛፉ የታለ?"

ማረፊያው ላላደርኩበት ሁለት ሌሊት አስከፍሎኛል። እስካሁን እየተከራከርን ነው።