ስድስቷን ናቅኳት

በፊት የነበርኩበት ላብ (ላቦራቶሪ) የምንሠራው ኢንዛይም ነበር፣ እዛ በፈር፣ ማለትም ናሙናው የሚሟሟበትን ፈሳሽ፣ ስበጠብጥ ዲቲቲ የሚባለውን ኬሚካል የሚጨምረው እኔ ሳልሆን እጄ ነው ማለት ይቻላል፣ ለምዶታል። ከዛ ወደ መርዝ ላብ ተቀየርኩ። እማዬ በስልክ ምን ላይ ነህ አሁን ስትለኝ የቀንድ አውጣ መርዝ ላይ ብላት "በስመአብ! ሥራ ጠፍቶ ነው?" አለች።

የባህር ቀንድ አውጣ ነው፣ ኮነስ ማገስ ይባላል፣ ዓሣ በመርዝ አደንዝዞ የሚበላ። ዩታ ዩኒቨርሲቲ የባልዶሜሮ ኦሊቬራ ላብ ነው መርዙን ያጠናው፣ ዚኮኖታይድ የሚባለው የህመም መድኃኒት የመጣው ከዛ ነው፣ በፈረንጆቹ 2004 አሜሪካ ፈቀደችው። የሞርፊን ዘመድ አይደለም፣ የነርቭ ጫፍ ላይ ያለውን የካልሲየም በር ዘግቶ የህመሙን መልእክት አከርካሪ ላይ ያስቀረዋል። (ክኒን እንዳይመስላችሁ፣ በፓምፕ በቀጥታ አከርካሪ ፈሳሽ ውስጥ ነው የሚገባው።)

እና እኔ ሁለት ሳምንት ሙሉ ይሄን ነገር በበፈር አሟሙቼ ሴሎች ላይ አደርጋለሁ፣ በሩ ይዘጋል ስል ካልሲየሙ እንደልቡ ይገባል። መጀመሪያ ሴሎቹን ጠረጠርኩ፣ አዲስ አወጣሁ፣ ያው ነው። ከዛ ማይክሮስኮፑን። ከዛ ፔፕታይዱን (መርዙ ትንሽዬ ፕሮቲን ነው፣ እንደዛ ይባላል) የሸጠልንን ካምፓኒ፣ እንዲያውም የቅሬታ ኢሜይል ጽፌ ድራፍት ላይ አስቀምጬ ነበር፣ ባልልከው ነው የተረፍኩት። ማስ ስፔክ (የሞለኪውል ክብደት የሚለካው ማሽን) ላይ የሚሠራው ልጅ የፔፕታይዱ ክብደት 2645 ነው አለኝ፣ መሆን የነበረበት 2639፣ "ስድስት ናት፣ ማሽንህን ካሊብሬት አድርግ" ብዬ አለፍኩት።

ፕሮፌሰሯ የውጤቱን ወረቀት አየችና "በፈርህ ውስጥ ምን ምን አለ?" አለችኝ፣ ሌላ ምንም አልተናገረችም። ስዘረዝርላት ዲቲቲ ላይ ስደርስ ድምፄ ጠፋ።

ነገሩ እንዲህ ነው፣ ፔፕታይዱ 25 አሚኖ አሲድ ነው፣ ስድስቱ ሲስቴይን የሚባሉት ሰልፈር ያለባቸው ናቸው፣ ጥንድ ጥንድ ተያይዘው ሦስት የሰልፈር ድልድይ ይሠራሉ፣ ቅርጹን የያዘለት እሱ ነው፣ ቅርጹ ከጠፋ በሩ ላይ አይገጥምም። ዲቲቲ ደግሞ ሥራው ይሄን ድልድይ መቁረጥ ነው! አንድ ድልድይ ሲቆረጥ ሁለት ሃይድሮጅን ይጨመራል፣ ሦስት ሲሆን ስድስት፣ ማሽኑ ያሳየው ትርፍ ስድስት እሱ ነው። ተመልሶ ይያያዝ ቢባል እንኳን ስድስቱ በ15 ዓይነት መንገድ ሊጣመዱ ይችላሉ፣ ትክክሉ አንዱ ብቻ ነው። መርዙን ራሴ አፈራርሼ ነው ካምፓኒውን ልከስ የነበረው።

ያን ሁሉ ቲዩብ ደፋሁት፣ ዋጋውን ባታስታውሱኝ። ያለ ዲቲቲ አዲስ በፈር በጠበጥኩ፣ በማግስቱ ካልሲየሙ ወረደ። ማስ ስፔክ ለሚሠራው ልጅ ቡና ገዛሁለት፣ በኔ ምክንያት ግማሽ ቀን ደህናውን ማሽን ሲያጸዳ ነበር የዋለው።